የካላሾች ትልቁ በዓል የቱ ነው? የግንቦቱ ወይስ የታኅሣሡ?

ከታች ያለው በዚህ ጥያቄ ላይ የከፈትኩት ክር (የውይይት ሰንሰለት) ነው፤ መጀመሪያ የእኔ መክፈቻ፣ ከዚያ የመጡት መልሶች በእኔ አጠቃለል።

የመክፈቻ ጽሑፍ

ግንቦት በገባ ቁጥር የካላሽ ሴቶች ቪዲዮ ስልካችንን ያጥለቀልቀዋል። ጥቁር ረጅም ቀሚስ፣ ደማቅ ጥልፍ፣ አንገት ሙሉ ዶቃ፣ ወደ ጀርባ የሚወርድ ዛጎል የተደረደረበት የራስ ጌጥ። ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይዞራሉ። ያ በዓል ጆሺ ይባላል፤ ቺላም ጆሺ የሚሉትም አሉ። ያምራል፣ አልክድም። ዋናው በዓላቸው እሱ ነው የሚለው ወሬ ግን አይዋጥልኝም።

ለማያውቅ ባጭሩ። ካላሾች የሚኖሩት ሰሜን ምዕራብ ፓኪስታን፣ ቺትራል ውስጥ፣ ሂንዱኩሽ ተራሮች መሀል ነው። ሦስት ሸለቆ አላቸው፦ ቡምቡሬት፣ ሩምቡርና ቢሪር። ብዛታቸው 4,000 ገደማ ነው። ዙሪያቸውን ሙስሊም ጎረቤት ከቧቸው የራሳቸውን የጥንት እምነት ይዘው ኖረዋል። ፍየል ያረባሉ፣ እህል ያመርታሉ፣ ዋልነትና ወይን ይለቅማሉ። በዓሎቻቸው ከዚሁ ሥራ ጋር ነው የሚሄዱት። ጆሺ በግንቦት ነው፤ ወተት ሲትረፈረፍ፣ መንጋው ወደ ደጋው ግጦሽ ከመውጣቱ በፊት። ኡቻው በነሐሴ ነው፤ ስንዴው ገብቶ እረኛው አይብ ይዞ ሲወርድ። ፑል የቢሪር ሸለቆ በዓል ነው፤ ወይንና ዋልነት ሲደርስ በመጸው ይከበራል። ቻውሞስ ደግሞ በታኅሣሥ፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር።

አቋሜ ይሄ ነው፦ ትልቁ ቻውሞስ ነው። ጆሺን ዓለም ያወቀው አየሩ ስለሚመችና መንገዱ ክፍት ስለሆነ ነው። የማይስማማ ይምጣ።

መልስ 1

በጨዋ ተጀመረ። ጸሐፊው በሐሳቡ እንደሚስማማ ገልጾ አንድ ጥያቄ አነሳ። የተጻፈ የዘመን መቁጠሪያ ከሌላቸው ቀኑን በምን ያውቁታል አለ።

መልስ 2

ጥሩ ጥያቄ፣ ጥሩ መልስ። ሱሪ ጃጌክ የሚባል ፀሐይን የማየት ዕውቀት እንዳላቸው አስረዳ። የሚያውቁ ሽማግሌዎች ከተወሰነ ቦታ ሆነው ፀሐይ ከየትኛው የተራራ ጫፍ እንደወጣች፣ የት እንደገባች ያያሉ። ጥላንም፣ ጨረቃንም፣ ከዋክብትንም ያያሉ። ፀሐይዋ በየቀኑ ወደ ደቡብ ትሸሻለች፤ ከዚያ አንድ ቦታ ደርሳ የቆመች ትመስላለች። ቻውሞስ የሚገጥመው ያኔ ነው። የሚዘራበትንም፣ ከብት የሚወጣበትንም የሚወስኑት በዚሁ ነው። ዩኔስኮ ይህን ዕውቀት በ2018 እ.ኤ.አ. አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ይህንን መልስ ከላይ እንዲሰካ አደረግኩት።

መልስ 3

አጭርና ነገረኛ። ስልክ ባለበት ዘመን ማን ተራራ ያያል አለ። ወጣቱ ቀኑን የሚያውቀው ከቱሪዝም ቢሮ ማስታወቂያ ነው ሲል ደመደመ። ነገሩ ጨርሶ ከእውነት የራቀ አይደለም። የጆሺ ቀናት እንግዳ ሆቴል መያዝ እንዲችል ቀድመው ይታወጃሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግንቦት 6 እና 7 ግድም ነው። ግን መዝገቡ አስቸኳይ የተባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። መልስ 2ን አላነበበውም ማለት ነው።

መልስ 4

ከክሩ ሁሉ ምርጡ ይሄ ነው። ጸሐፊው ለሥራ ኢስላማባድ የኖረ ሰው ነው፤ በታኅሣሥ ሩምቡር ደርሷል። ረዘም አድርጎ ጻፈ።

ቻውሞስ በዲሴምበር የመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እስከ 22 ግድም ይዘልቃል። መጀመሪያው የልጆች ነው። ልጆቹ ለሁለት ተከፍለው የጥድና ሌላ እርጥብ ቅርንጫፍ ይቆርጣሉ፣ ይከምራሉ፣ ይለኩሳሉ። ጭሱ ከፍ ብሎ የወጣለት ወገን አሸነፈ። እየተጯጯሁ ይሰዳደባሉም፤ ስድቡ የተፈቀደ ነው። ቀጥሎ የሊጥ ሥራ አለ። ማርኮር የሚባለውን ቀንዱ የተጠማዘዘ የዱር ፍየል፣ ላሙን፣ እረኛውን በሊጥ ይሠሩና ምድጃ ዳር ያደርቁታል። ጸሐፊው ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጦ ሲያይ፣ ሰውየው ለአንዲት ፍየል ቀንድ ብቻ ሦስት ጊዜ አፍርሶ እንደ ገና ጀመረ። ቀንዱ አልጠማዘዝም አለዋ።

ከዚያ የማንጻት ሥርዓት ይመጣል። ሴቶቹ ታጥበው፣ ንጹሕ ለብሰው፣ የተጋገረ ቂጣ በእጃቸው ይዘው ይቆማሉ። አንድ ወንድ የሚጨስ የጥድ ቅርንጫፍ ይዞ ከራሳቸው በላይ ያዞራል። አመዱ ዛጎሉ ላይ ይወርዳል፤ የሚያራግፍ የለም። ወንዶቹ ሳጂጎር በሚባለው መስገጃ ፍየል ይሠዋሉ። ሕፃናት ለመጀመሪያ ጊዜ የማኅበረሰቡን ሙሉ ልብስ ይለብሳሉ። ለሙታንም ምግብ ይቀርባል። ባሊማይን የሚባለው አምላካቸው በነዚህ ቀናት ከጥንት አገራቸው ከጽያም መጥቶ ይጎበኛቸዋል፣ ጸሎታቸውንም ይዞ ይመለሳል ብለው ያምናሉ። አንድ ሌሊት ሰዉ ሁሉ ችቦ አቀጣጥሎ፣ እየዘፈነ፣ ከየመንደሩ ወደ መጨፈሪያው ይወርዳል።

እሱ ችቦውን አይቷል። ሳጂጎር ጋ ግን እጁን ይዘው መለሱት። በተቀደሱት ቀናት የውጭ ሰው ቅልቅል የለውም፤ ከመካከላቸው ሃይማኖት የቀየረም እንዲሁ። አልከፋኝም ብሏል።

መልስ 5

እስኪመጣ ስንጠብቅ የነበረው መጣ። ካላሾች የታላቁ እስክንድር ወታደሮች ዘር ናቸው፣ ዓይናቸውን እዩት አለ። ፎቶም ለጠፈ።

መልስ 6 እና 7

ስድስተኛው በትሕትና አረመው። ቋንቋቸው ካላሻ የሕንድ ቋንቋዎች ዘመድ ነው፤ ከዳርዲክ ቡድን ይመደባል እንጂ ከግሪክ ጋር አይገናኝም አለ። እስክንድር በዚያ አካባቢ ያለፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት 327 እና 326 ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘረመል ጥናት የመቄዶንያ ወታደር አሻራ አላገኘባቸውም። ሰባተኛው ትሕትና የሚባል ነገር አያውቅም። ሰው ዓይኑ ስለፈካ ብቻ አባት ከግሪክ ካልመጣለት አይሆንም ወይ ብሎ አምስተኛውን ወረደበት። ነገሩ ልክ ነው፤ አነጋገሩ ግን ወንበር የሚያስነሳ ነበር።

በነገራችን ላይ ተረቱን ግሪኮችም ይወዱታል። ቡምቡሬት ውስጥ ያለው ካላሻ ዱር የሚባለው የባህል ማዕከልና ቤተ መዘክር የተሠራው በግሪክ በጎ ፈቃደኞች ነው። ተረቱ ሐሰት ሆኖ ሕንፃው እውነት ነው።

መልስ 8

ኡቻው ከእኛ ቡሄ ጋር ይገጥማል አለች አንዷ። ቀኑ ተቀራራቢ ነው፤ ቡሄ ነሐሴ 13፣ ኡቻው ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት። ችቦ ደግሞ በቻውሞስ አለ። ዳቦም አለ። ስለዚህ ግንኙነት መኖር አለበት ብላ ጠረጠረች።

መልስ 9

አንድ አባት መለሱላት። እሳቸው ብዙ ጊዜ የሚጽፉት ስለ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነው። ቡሄ የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ ኡቻው እህልና አይብ ስለተገኘ ለአማልክት የሚቀርብ ምስጋና ነው፤ እሳትና ዳቦ የሌለው ሕዝብ ደግሞ ካለ ይነገረኝ አሉ። ልጄ ብለው ስለጀመሩ ቁጣው አልታየም እንጂ ተቆጥተዋል። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ሁሉን ነገር ወደ እኛ ደጅ ካልጎተትን አይገባንም ያለው ማነው?

መልስ 10

ልጅቷ ተመልሳ ዝምድና አላልኩም፣ ደስ አለኝ ነው ያልኩት አለች። ደስ አለኝ አላለችም፤ ግን ተውኩት።

መልስ 11

እዚህ ጋ ድምፁ ተቀየረ። ይሄ ሁሉ ዘፈን ጥሩ፣ ባሻሊውስ አለ ጸሐፊው። ባሻሊ በወር አበባና በወሊድ ጊዜ ሴቶች የሚቆዩበት ከመንደሩ ወጣ ያለ ቤት ነው። ሴት የፍየል በረት አትገባም፣ ሳጂጎር አትደርስም፣ ከአውራ ፍየል ሥጋ አትቀምስም። ንጹሕና ርኩስ ብሎ ሸለቆውን ለሁለት የከፈለ ባህል ምኑ ይደነቃል ብሎ ጠየቀ። በደንብ ጠየቀ። መጨረሻ ላይ ኋላ ቀር የምትለዋን ቃል ባይጨምር ኖሮ ደግሞ የበለጠ ይሆን ነበር።

መልስ 12

ከእስራኤል የጻፈች ቤተ እስራኤል ናት። ጎንደር ሳሉ አያቷ በየወሩ የመርገም ጎጆ ይገቡ እንደነበር አወሳች። ዙሪያው በድንጋይ ታጥሮ፣ ምግብ ከውጭ ይቀበሉ ነበር። አያቷ ሁለት ነገር ነው የሚያወሩት። አንደኛው ብርዱ ነው። ሁለተኛው እዚያ ያሉ ሰሞን ወፍጮ እንደማይነኩ፣ ውሃ እንደማይቀዱ፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር እየሳቁ እንደሚያድሩ ነው። የትኛው ይበልጣል ስትላቸው እንደ ቀኑ ነው ይሏታል። ስለ ካላሽ ሴቶች የምትናገረው እንደሌላት፣ ግን ሳይጠይቁ ኋላ ቀር ማለት እንደማይደላት ጻፈች። ከመልስ 4 ቀጥሎ ደጋግሜ ያነበብኩት ይሄንን ነው።

መልስ 13

አስራ አንደኛው ይቅርታ ጠየቀ፤ ጥያቄውን ግን አልተወም። መብቱ ነው።

መልስ 14

ስለ ትዳር ነው። በበዓላቱ ወቅት የተዋደዱ ወጣቶች አብረው ይጠፋሉ፣ ከዚያ ቤተሰብ ይታረቃል። ያገባች ሴት እንኳ ሌላ ከወደደች መሄድ ትችላለች፤ አዲሱ ሰው የቀድሞው ባል የሰጠውን ጥሎሽ እጥፍ አድርጎ ይከፍለዋል። ጸሐፊው ይህን ከመልስ 11 ጋር አጋጭቶ አስቀመጠው። በረት የማትገባ ሴት ባሏን ግን ትታ ትሄዳለች። በዙሪያዋ ካሉት ስንቶቹ ይችላሉ?

መልስ 15 እስከ 18

አራት መልስ በፍቺ ላይ ሄደ። አንዱ የራሱን የፍርድ ቤት ጉዳይ መተረክ ጀመረ። አዘንኩለት፤ ግን ወደ ሌላ ክር አዛወርኩት።

መልስ 19

ከዱባይ የምትጽፍ እህት ናት። አብሯት የሚሠራ የቺትራል ልጅ አለ። ሙስሊም ነው፣ ካላሽ አይደለም። ግንቦት ላይ አገሩ ሲገባ ያየውን ነግሯታል። ከየከተማው የሚመጡ ጎረምሶች በጂፕ ተጭነው ይደርሳሉ። ስልካቸውን ከሚጨፍሩት ሴቶች ፊት ላይ ያስጠጋሉ። ሴቶቹ መዝሙር እያሉ ፊታቸውን በእጅ ይሸፍናሉ። ሆቴሎቹም ብዙዎቹ የካላሽ አይደሉም፤ ገንዘቡ ይመጣል፣ አልፎ ይሄዳል። ልጁ አፍሬያለሁ ብሏታል። እሷ ግን መሄድ ትፈልጋለች። መቼ ልሂድ ብላ ጠየቀች።

መልስ 20

አትሂጂ። ሌላ ቃል የለውም።

መልስ 21

ይሄኛው ታሪክ አመጣ፤ ክሩም ዕድሜ አገኘ። ካላሾች ዛሬ ትንሽ የሆኑት ተራራው ስለጠበበ አይደለም አለ። ከድንበሩ ማዶ፣ አፍጋኒስታን ውስጥ፣ ተመሳሳይ እምነት ያለው ሰፊ አገር ነበር። ሙስሊሞች ካፊሪስታን ይሉት ነበር። በ1895 እና 96 እ.ኤ.አ. የአፍጋኒስታኑ ገዥ አሚር አብዱራህማን ካን ዘመተበት፣ ሕዝቡን በግድ አስለመ፣ አገሩንም ኑሪስታን አለው። ካላሾች የተረፉት የዱራንድ መስመር የሚባለው ድንበር በ1893 ሲሰመር በእንግሊዝ ሕንድ በኩል ስለዋሉ ነው። የቺትራሉ ገዥ መህተሩም ግብርም የጉልበት ሥራም ይጭንባቸው ነበር እንጂ አልማራቸውም። ከማዶ ሸሽተው የገቡ የኑሪስታን ቤተሰቦች ቡምቡሬት ላይኛው ጫፍ ሰፈሩ፤ ኋላ እነሱም ሰለሙ። ዛሬ በዚያው ሸለቆ መስጊዱም የካላሽ መጨፈሪያውም አለ።

ስለዚህ በዓል ማለት ለነሱ ጭፈራ ብቻ አይደለም፤ ማን ከማን እንደሆነ የሚለይበት ነው ሲል ጨረሰ። እምነት የቀየረ ወንድም ቻውሞስ ሲደርስ ደጅ ይቀራል። እሱም የዚያው ቤት ልጅ ነው።

መልስ 22

በመክፈቻዬ የማይስማማ በመጨረሻ ተገኘ። ደስ አለኝ። ጆሺን አቀለልከው አለኝ። የጆሺ መጀመሪያ ቀን የወተት ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ለቀናት የተጠራቀመ ወተት ለዘመድ ለጎረቤት ይታደላል። ልጆች ቢጫ የዱር አበባ ለቅመው ቤቱን ያስጌጣሉ። ከበዓሉ በፊት የተወለዱ ሕፃናትና እናቶቻቸው የሚነጹትም ያኔ ነው። በመጨረሻው ቀን አረንጓዴ የዋልነት ቅርንጫፍ እያወዛወዙ ይጨፍራሉ። ቪዲዮው የሚያሳየው የመጨረሻውን ሰዓት ነው፤ ጥፋቱ የካሜራው እንጂ የበዓሉ አይደለም አለ።

ጥሩ ተከራካሪ ነው። እኔ ግን አሁንም ታኅሣሥ ላይ ነኝ። አምላኩ የሚመጣው በቻውሞስ ነው፤ ዓመቱም የሚዞረው በሱ ነው። ጆሺ ላይ እንግዳ ቢበዛ በዓሉ ይታመማል፤ ቻውሞስ ላይ ቢበዛ ግን ሥርዓቱ ራሱ አይቆምም።

መልስ 23

ለሃያ ሁለተኛው ደግፎ፣ ለኔ የማይመች ነገር ጨመረ። ቻውሞስን ከእንግዳ የጠበቀው ሕጉ ሳይሆን በረዶው ነው አለ። ቺትራልን ከቀረው ፓኪስታን የሚያገናኘው የሎዋሪ መተላለፊያ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በብርዱ ወራት በበረዶ ይዘጋ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ 8.5 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ዋሻ ተከፈተ። አሁን በታኅሣሥም በመኪና ይገባል። ጆሺ የታወቀው መንገዱ ክፍት ስለሆነ ነው ካልክ፣ ያው መንገድ ለቻውሞስም ተከፍቷል፤ ከዚያስ ሲል ጠየቀኝ።

ከዚያማ መንደሩ በር መዝጋት አለበት። ሩምቡር ላይ መልስ 4ን እጁን ይዘው እንደመለሱት። የክልሉ ምክር ቤትም በ2018 እ.ኤ.አ. ከካላሾች መካከል የወጣ ተመራጭ አይቷል፤ ስለዚህ በሩን መዝጋት የሚችል ድምፅ አላቸው። ይዘጉታል ወይ የሚለው የነሱ ነው።

መልስ 24

የወይን ጠጅ እንደሚጠምቁ ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው ወይ። እውነት ነው። ራሳቸው ከሚለቅሙት ወይን። ከዚህ በኋላ ስድስት ሰው ስለ ጠጅ ጻፈ፤ አልቆጥራቸውም።

መልስ 25

የዱባይዋ እህት ተመለሰች። ሃያኛውን ንቃዋለች፣ አራተኛውን አመስግናለች። ቻውሞስ ሄዶ ደጅ መቆም አልፈልግም፣ ጆሺ ሄዶም ከጎረምሶቹ ጋር መቆጠር አልፈልግም አለች። አብሯት የሚሠራው ልጅ ኡቻውን መክሯታል። ግፊያው ያንሳል። ከበዓሉ በፊት ባሉት ሞቃት ሌሊቶችም ወጣቶች ማታ ማታ ይጨፍራሉ። ማረፊያዋን ከካላሽ ቤተሰብ ዘንድ ይዛለች፤ ፎቶ የሚባለውን ነገር ጠይቄ ነው የማነሳው ብላለች።

መልስ 26

መልካም ጉዞ ካለ በኋላ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ካራቺ እንደሚበር አስታወሰ፤ ከአገር ቤት መሄድ ለሚፈልግ ቀላል ነው አለ።

መልስ 27

ካራቺ ባሕር ዳር ነው፣ ቺትራል ተራራ ላይ ነው፣ መሀላቸው ያለው ሙሉ ፓኪስታን ነው ብሎ ካርታ ለጠፈለት። ሃያ ስድስተኛው ካርታውን አይቶ ዝም አለ። ስለ ቪዛ የሚያውቅ ካለ ግን ክሩ ክፍት ነው።